ሥር የሰደደ ሕመም ላለባት ሴት የትኛው የወሊድ መከላከያ ይስማማታል? በጤና ጣቢያ ለመምረጥ የሚረዳ ንጽጽር

በብዙ ጤና ጣቢያዎቻችን የደም ግፊት፣ የስኳር ወይም የሚጥል ሕመም ያለባት ሴት መድኃኒቷን የምትወስድበት ክፍል አንድ ነው፤ የቤተሰብ ምጣኔ አገልግሎት የምታገኝበት ክፍል ደግሞ ሌላ ነው። በመጀመሪያው ክፍል ያለው ባለሙያ ግፊቷን ለክቶ የወሩን መድኃኒት ሲሰጣት ልጅ መውለድ ትፈልግ እንደሆነ ብዙውን ጊዜ አይጠይቃትም፤ በሁለተኛው ክፍል ያለችው ባለሙያም መርፌዋን ስትወጋት በየቀኑ የምትውጠው መድኃኒት ምን እንደሆነ ሳታውቅ ትቀራለች። ይህ ጽሑፍ የተዘጋጀው በእነዚህ ሁለት በሮች መካከል ለምትመላለሰው ሴትና ለሁለቱም ክፍሎች ባለሙያዎች ነው። በጤና ጣቢያና በጤና ኬላ የሚገኙትን የወሊድ መከላከያዎች ከየሕመሙ ጋር እያነጻጸረ የትኛው እንደሚስማማ፣ የትኛው እንደማይስማማና ምክንያቱ ምን እንደሆነ ያስረዳል።

ከሁሉ አስቀድሞ አንድ የተለመደ ስሕተት መታረም አለበት። ሕመም ያለባት ሴት የወሊድ መከላከያ ስትጠይቅ «አንቺ ሕመምተኛ ስለሆንሽ ይጎዳሻል» ተብላ ባዶ እጇን የምትመለስበት ጊዜ አለ። እንዲህ የሚላት ባለሙያ የተጠነቀቀላት ይመስለዋል፤ ነገር ግን የመዘነው የሚዛኑን አንድ ወገን ብቻ ነው። በሌላው ወገን ያልታቀደ እርግዝና አለ። ምንም መከላከያ ከማይጠቀሙ 100 ሴቶች 85 ያህሉ በአንድ ዓመት ውስጥ ያረግዛሉ። በእርግዝና ጊዜ በሰውነት ውስጥ የሚዘዋወረው ደም ከ40 እስከ 50 በመቶ ስለሚጨምር፣ የልቧ መዝጊያ የጠበበባት ሴት ይህን ተጨማሪ ጭነት መሸከም አቅቷት ሳንባዋ ውኃ ሊቋጥር ይችላል። ስኳሯ ያልተስተካከለ ሴት ብታረግዝ፣ ከፍ ያለው ስኳር ሊያበላሻቸው የሚችሉት የጽንሱ ልብና ኅብለ ሰረሰር የሚሠሩት በመጀመሪያዎቹ 8 ሳምንታት፣ እርሷ ማርገዟን ገና እያጠራጠራት ባለችበት ጊዜ ነው። ስለዚህ ማንኛውም ንጽጽር መከላከያው ሊያመጣባት የሚችለውን ጉዳት ሳታቅድ ብታረግዝ ከሚደርስባት ጉዳት ጋር አብሮ ማየት ይኖርበታል። በዚህ ዓይነት ሲታይ በጤና ጣቢያ ከምናገኛቸው ሕመሞች አንድም አስተማማኝ መከላከያ የማይገኝለት የለም ለማለት ይቻላል።

ምርጫው በምን ይመዘናል?

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1996 ለመጀመሪያ ጊዜ ያወጣውና ከዚያ ወዲህ በየጊዜው የሚያሻሽለው መስፈርት እያንዳንዱን መከላከያ ከእያንዳንዱ የጤና ሁኔታ ጋር እያገናኘ ከ1 እስከ 4 ቁጥር ይሰጠዋል። 1 ማለት ያለ ምንም ገደብ ይሰጣል ማለት ነው፤ 2 ማለት ጥቅሙ ከሚያሰጋው ነገር ስለሚበልጥ ይሰጣል ማለት ነው፤ 3 ማለት ስጋቱ ስለሚያመዝን ሌላ አማራጭ እስካለ ድረስ አይሰጥም ማለት ነው፤ 4 ማለት ግን ፈጽሞ አይሰጥም ማለት ነው። ሰፊ ምርመራ ማድረግ በማይቻልበት ቦታ መስፈርቱ ራሱ ነገሩን ያቀልለዋል፤ 1ና 2 «ይሰጥ»፣ 3ና 4 «አይሰጥ» ተብለው ይነበባሉ። 2 ቁጥርን እንደ ክልከላ የሚያነብ ባለሙያ በርካታ ሴቶችን ያለ በቂ ምክንያት ይመልሳል፤ በዚህ ጽሑፍ ውስጥም 2 ቁጥር ደጋግሞ ስለሚመጣ ትርጉሙ ከወዲሁ ልብ ሊባል ይገባዋል።

በመንግሥት ጤና ተቋማት በነጻ የሚሰጡት መከላከያዎች በጥንካሬያቸው እኩል አይደሉም። ሴቶች በዕለት ተዕለት ኑሯቸው በሚጠቀሙበት ሁኔታ ሲቆጠር፣ በክንድ ቆዳ ሥር ከሚቀበረው ኢምፕላንት ወይም በማኅፀን ከሚቀመጠው ሉፕ ተጠቃሚዎች በዓመት ከ100 አንዲት እንኳ አትሞላም የምታረግዘው፤ የሦስት ወር መርፌ (ዴፖ) ከሚወጉት 4 ያህሉ፣ ክኒን ከሚወስዱት 7 ያህሉ፣ በኮንዶም ብቻ ከሚተማመኑት 13 ያህሉ ያረግዛሉ። እርግዝና ለጤናማ ሴት ያልታሰበ ክስተት ሊሆን ይችላል፤ ደም እንዳይረጋ የሚያደርገውን ዋርፋሪን ለምትወስድ ወይም ኩላሊቷ ለተጎዳ ሴት ግን የሕይወት ጉዳይ ስለሆነ በ1 እና በ7 መካከል ያለው ልዩነት ቀላል አይደለም። በዚያ ላይ በየቀኑ ሦስትና አራት ዓይነት መድኃኒት የምትውጥ ሴት አንድ ክኒን ሲጨመርባት የመርሳቷ ዕድል ምን ያህል እንደሚሆን ራሷን መጠየቅ ያስፈልጋል።

እ.ኤ.አ. በ2019 በኢትዮጵያ በተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና አነስተኛ ዳሰሳ ዘመናዊ መከላከያ ከሚጠቀሙ ባለትዳር ሴቶች መካከል አብዛኞቹ የመርፌ ተጠቃሚዎች ነበሩ፤ ከባለትዳሮቹ 27 በመቶው መርፌ፣ 9 በመቶው ኢምፕላንት ሲጠቀሙ ሉፕና ክኒን የሚጠቀሙት እያንዳንዳቸው 2 በመቶ ገደማ ነበሩ። ይህ ማለት በእኛ ሀገር «ዴፖ የማይስማማት ማን ናት?» የሚለው ጥያቄ ክኒን ከሚያስነሣው ጥያቄ ይልቅ በየቀኑ የሚያጋጥም ነው፤ ከሌላ ሀገር የመጡ መመሪያዎች ግን በአብዛኛው የሚያተኩሩት በክኒን ላይ ነው።

የደም ግፊት

ሁለት ሆርሞን ያለው የተለመደው ክኒን ኤስትሮጅን አለበት። ኤስትሮጅን ግፊትን ከፍ ያደርጋል፤ ደም በቀላሉ እንዲረጋም ያደርጋል፤ ሁለቱ አንድ ላይ ሲሆኑ በስትሮክና በድንገተኛ የልብ ሕመም የመያዝ ዕድል ይጨምራል። ስለዚህ ግፊቷ ከ140 በ90 በላይ ለሆነ ሴት፣ በመድኃኒት ተቆጣጥራው ወደ ልኩ ለተመለሰላትም ጭምር፣ ይህ ክኒን 3 ነው፤ 160 በ100 ከደረሰ ወይም ካለፈ 4 ይሆናል። አንዳንድ ሴቶች ክኒኑን ከመድኃኒት መደብር ያለ ምንም መለኪያ ስለሚገዙ፣ በተከታታይ ሕክምና ክፍል ያለ ባለሙያ «ከእኛ ሌላ የምትወስጂው ክኒን አለ ወይ?» ብሎ መጠየቅ አለበት። ብዙዎች የወሊድ መከላከያን እንደ መድኃኒት ስለማይቆጥሩት ካልተጠየቁ አይናገሩም። መድኃኒቷን በአግባቡ እየወሰደች ግፊቷ አልወርድ ካላት ሴት ጀርባ አንዳንድ ጊዜ ይህ ክኒን ይገኛል።

ዴፖ ኤስትሮጅን የለበትም፤ ግፊቷ ከ160 በ100 በታች ለሆነ ሴት 2 ስለሆነ ይሰጣል። ግፊቱ 160 በ100 ከሆነና ከዚያ ካለፈ ግን 3 ይሆናል፤ ስትሮክ ወይም የልብ ደም ሥር ሕመም ኖሯት ለሚያውቅ ሴትም እንዲሁ ነው። የመርፌው ትልቁ ችግር አንዴ ከተወጋ በኋላ ከሰውነት ሊወጣ አለመቻሉ ነው፤ ክኒን ቢያስቸግር ይቆማል፣ ኢምፕላንት ቢያስቸግር ይወጣል፣ መርፌ ግን ሦስት ወሩን ጨርሶ ነው የሚሄደው። ኢምፕላንትና አንድ ሆርሞን ብቻ ያለው የሚያጠቡ እናቶች ክኒን በከፍተኛ ግፊትም ቢሆን ከ2 አያልፉም። መዳብ የተጠቀለለበት ሉፕ ምንም ሆርሞን ስለሌለው በማንኛውም የግፊት ደረጃ 1 ነው። አንድ ቀን ብቻ ተለክቶ ከፍ ያለ ግፊት ሕመም ተብሎ አይመዘገብም፤ ነገር ግን በዚያው ቀን መከላከያ ፈልጋ የመጣችውን ሴት «ግፊትሽ ይረጋገጥ» ብሎ ባዶዋን ከመመለስ ኢምፕላንት ወይም ሉፕ አማክሮ መስጠትና ግፊቷን በሌላ ቀን ደግሞ መለካት ይቻላል።

ስለ ግፊት ሲነሣ ኤናላፕሪል ሊዘነጋ አይገባም። ይህ መድኃኒት በብዙ ጤና ጣቢያዎች የሚታዘዝ ሲሆን ከእርግዝናው ሦስተኛ ወር በኋላ የጽንሱን ኩላሊት ይጎዳል። ኤናላፕሪል የምትወስድ በመውለጃ ዕድሜ ያለች ሴት ሁሉ አስተማማኝ መከላከያ እንዳላት ሊጠየቅ ይገባል፤ ልጅ የምትፈልግ ከሆነ ደግሞ ከማርገዟ በፊት መድኃኒቷ ወደ ሜቲልዶፓ ወይም ወደ ኒፈዲፒን ይለወጣል።

የልብ ሕመም

በሀገራችን በወጣት ሴቶች ላይ ብዙ ጊዜ የሚታየው የልብ ሕመም በልጅነት ከጉሮሮ ሕመም ተነሥቶ የልብን መዝጊያዎች የሚጎዳው የሩማቲክ የልብ ሕመም ነው። በዚህ ሕመም የተያዘች ሴት ከመውለጃ ዕድሜዋ መጀመሪያ አንሥቶ በየ4 ሳምንቱ የፔኒሲሊን መርፌ እየተወጋች ትኖራለች። መዝጊያዋ ቢጎዳም ሌላ ችግር ላላስከተለባት ሴት ከመከላከያዎቹ ሁሉ ሊሰጣት ይችላል፤ ሁለት ሆርሞን ያለው ክኒን ሳይቀር 2 ነው። የልብ ምቷ ለተዛባ፣ የሳንባዋ ደም ሥር ግፊት ለጨመረ ወይም የልብ ግድግዳ ልክፈት (ኢንፌክሽን) ይዟት ለሚያውቅ ሴት ግን ኤስትሮጅን ያለበት ክኒን 4 ነው። በጤና ጣቢያ የልብ አልትራሳውንድ ስለማይገኝ ሴትየዋ ከየትኛው ወገን እንደሆነች ማረጋገጥ አይቻልም፤ ስለዚህ የእኔ ምክር ለማንኛዋም የልብ ሕመምተኛ ይህን ክኒን ከጤና ጣቢያ አለመጀመር ነው። የምታጣው ነገር የለም፤ ከእርሱ የሚሻሉ አማራጮች በዚያው ክፍል ውስጥ አሉ።

ኢምፕላንትና ዴፖ ችግር ለተወሳሰበባት የልብ ሕመምተኛም 1 ናቸው። ዴፖ በ12 ሳምንት፣ ፔኒሲሊን በ4 ሳምንት የሚሰጡ በመሆናቸው በየሦስተኛው የፔኒሲሊን ቀጠሮ ሁለቱን በአንድ ቀን ማድረስ ይቻላል፤ ከሩቅ ቀበሌ ለምትመጣ ሴት ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። ሉፕ ችግሩ ላልተወሳሰበባት 1፣ ለተወሳሰበባት 2 ነው። ለሁለተኛዋ በሚገባበት ጊዜ ከልብ ልክፈት የሚከላከል መድኃኒት ሊያስፈልጋት ስለሚችል፣ የሳንባዋ ደም ሥር ግፊት የጨመረባት ደግሞ ሉፕ በሚገባበት ቅጽበት ራሷን ብትስት አደጋው ከባድ ስለሚሆን፣ አገልግሎቱን በሆስፒታል ማግኘቷ ይመረጣል።

ዋርፋሪን የምትወስደው ሴት ለብቻዋ መታየት ይገባታል። መድኃኒቱ ከ6ኛው እስከ 12ኛው የእርግዝና ሳምንት የጽንሱን አፍንጫና አጥንት አሠራር ያበላሻል፤ በተጨማሪም የወር አበባዋን ያበዛዋል። ሉፕ ደሙን የበለጠ ሊያበዛባት ይችላል፤ ኢምፕላንትና ዴፖ ግን ብዙውን ጊዜ ይቀንሱታል። ዴፖ ስትወጋ የተወጋው ቦታ ደም እንዳይቋጥር ለተወሰኑ ደቂቃዎች ጠበቅ አድርጎ መጫን ያስፈልጋል።

ልጅ በቅቷቸዋል የሚሉ ባልና ሚስት ካሉ ደግሞ የባል ቫዜክቶሚ (የዘር ማስተላለፊያ ቱቦን የመዝጋት ሕክምና) በግልጽ ሊነሣ ይገባዋል። ልቧ የታመመን ሴት ወደ ቀዶ ሕክምና ከመውሰድ ይልቅ ጤናማው ባል በአካባቢ ማደንዘዣ የሚደረግለት አጭር ሕክምና ለእርሷ ምንም አደጋ የለውም። ውጤቱ የሚጸናው ከ3 ወር በኋላ በመሆኑ እስከዚያ ሌላ መከላከያ ያስፈልጋል። ይህን ሐሳብ ማንሣት ነውር የሚመስላቸው ባለሙያዎች አሉ፤ ሳይነገራቸው ከቀረ ግን ሊመርጡት የሚችሉት ባሎች እንኳ መኖሩን አያውቁም።

የሚጥል ሕመም፣ ቲቢና ኤችአይቪ፦ የመድኃኒቱ ስም ይቅደም

በእነዚህ ሦስት ሕመሞች ምርጫውን የሚወስነው ሕመሙ ሳይሆን የሚወሰደው መድኃኒት ነው። የሚጥል ሕመም ያለባት መድኃኒት የማትወስድ ሴት ብትኖር ሁሉም መከላከያ 1 ይሆንላት ነበር። ነገር ግን በጤና ጣቢያዎቻችን በርካሽነቱ በስፋት የሚሰጠው ፌኖባርቢታል፣ እንዲሁም ፌኒቶይንና ካርባማዘፒን ጉበት ሆርሞንን ፈጥኖ እንዲያፈርስ ያደርጋሉ። ሴትየዋ ክኒኗን አንድም ቀን ሳትዘነጋ እየወሰደች ልታረግዝ ትችላለች፤ ከዚያም «ረስተሽው ነው» ተብላ ትወቀሳለች። በእነዚህ መድኃኒቶች ላይ ላለች ሴት ሁለቱም ዓይነት ክኒኖች 3 ናቸው። ኢምፕላንት በዓለም ጤና ድርጅት መስፈርት 2 ነው፤ ይኸውም ሊሰጥ ይችላል፣ ጥንካሬው ግን ይቀንሳል። ዴፖና ሉፕ 1 ናቸው፤ የዴፖ ውጤታማነት በእነዚህ መድኃኒቶች ስለማይቀንስ መርፌውን ከ12 ሳምንት ቀደም ማድረግም አያስፈልግም። እኔ ብጠየቅ ፌኖባርቢታል ለምትወስድ ሴት ሉፕን ወይም ዴፖን አስቀድሜ፣ ኢምፕላንትን በሦስተኛ ደረጃ ከኮንዶም ጋር አቀርብላታለሁ። ዴፖም ሆነ ፌኖባርቢታልና ፌኒቶይን አጥንትን የሚያሳሱ በመሆናቸው ገና በ15ና በ16 ዓመት ላለች ልጅ ሉፕ ቢሆን ይመረጣል።

ሌላው የሚጥል ሕመም መድኃኒት ላሞትሪጂን ነገሩን ይገለብጠዋል፤ እዚህ ላይ ኤስትሮጅን ያለበት ክኒን የላሞትሪጂንን መጠን በደም ውስጥ ስለሚቀንሰው ቆሞ የነበረው መጣል ሊመለስ ይችላል። ሌሎቹ መከላከያዎች ግን አያስቸግሩም።

ሶዲየም ቫልፕሮዌት ከየትኛውም መከላከያ ጋር አይጋጭም፤ አደጋው ያለው በጽንሱ ላይ ነው። በእርግዝና ጊዜ ቫልፕሮዌት ከወሰዱ እናቶች ከተወለዱ 100 ልጆች 10 ያህሉ የአካል ጉድለት፣ ከ30 እስከ 40 የሚሆኑት የአእምሮ ዕድገት ችግር ይገጥማቸዋል። መድኃኒቱ ለአእምሮ ሕመምም ስለሚታዘዝ ጥንቃቄው የሚጥል ሕመም ላለባቸው ብቻ አይደለም። ቫልፕሮዌት የምትወስድ ሴት ኢምፕላንት ወይም ሉፕ እንድትይዝ ማገዝ፣ ልጅ የምትፈልግ ከሆነም መድኃኒቱን በራሷ ሳታቋርጥ አስቀድሞ ወደሚለውጥላት ሐኪም መላክ የባለሙያው ኃላፊነት ነው። የሚጥል ሕመም ያለባት ሴት ጭራሽ መውለድ የለባትም የሚለው በየሰፈሩ የሚሰማ አባባል ግን መሠረት የለውም፤ ተገቢው መድኃኒት አስቀድሞ ከተመረጠላት አብዛኞቹ ጤናማ ልጅ ይወልዳሉ።

የቲቢ መድኃኒት የሆነው ሪፋምፒሲንም እንደ ፌኖባርቢታል ሆርሞንን ያፈርሳል። ሕክምናው በአብዛኛው 6 ወር ስለሆነ፣ ተጽዕኖውም መድኃኒቱ ካበቃ በኋላ 4 ሳምንት ያህል ስለሚቆይ፣ ለዚህ ጊዜ ሁለት የዴፖ መርፌ በቂ አይሆንም፤ ሦስተኛውን ጨምሮ ማቀድ ያስፈልጋል። ኢምፕላንት በክንዷ ላለ ሴት ኢምፕላንቱን ማስወጣት አይገባም፤ ሕክምናውን እስክትጨርስ ኮንዶም ትጨምርበት። ቲቢው የማኅፀን አካባቢ ከሆነ ግን አዲስ ሉፕ ማስገባት 4 ነው።

ኤችአይቪ በደማቸው ውስጥ ለሚገኝ ሴቶች ሁኔታው ባለፉት ዓመታት ተለውጧል። ቀድሞ በስፋት ይሰጥ የነበረው ኤፋቪረንዝ የኢምፕላንትን ጥንካሬ ስለሚቀንስ ኢምፕላንት ይዘው ያረገዙ ሴቶች ነበሩ፤ በዚህም ምክንያት ብዙዎች ወደ ዴፖ ተመሩ። እ.ኤ.አ. በ2018 ከቦትስዋና የመጣ መረጃ ደግሞ አዲሱ የኤችአይቪ መድኃኒት ዶሉቴግራቪር በጽንስ ላይ የኅብለ ሰረሰር ጉድለት ሊያመጣ ይችላል የሚል ስጋት አሳድሮ ሴቶች ወደ አዲሱ መድኃኒት እንዳይዛወሩ ለጊዜው አዘግይቷቸው ነበር፤ ተጨማሪ መረጃ ሲሰበሰብ ስጋቱ እየቀነሰ በመምጣቱ የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 ዶሉቴግራቪርን በመውለጃ ዕድሜ ላሉ ሴቶችም ጭምር መከረ። ዶሉቴግራቪር ከየትኛውም የሆርሞን መከላከያ ጋር አይጋጭም። ስለዚህ ከዓመታት በፊት «ኢምፕላንት ለአንቺ አይሆንም» የተባለች ሴት ዛሬ መድኃኒቷ ተለውጦ ከሆነ ያ መልስ አይሠራም፤ አሁን የምትወስደው ምን እንደሆነ ታይቶ አዲስ ምርጫ ሊቀርብላት ይገባል። ኮንዶም የትኛውንም ብትመርጥ አብሮ ይሄዳል። ምክሩ ባሏም ሆነ ሌላ ሰው በሌለበት ይሰጥ፤ ስለ መድኃኒቷ የምንጠይቃት ጥያቄ ምሥጢሯን ሊያወጣባት ይችላልና።

ከላይ ከተጠቀሱት ሆርሞንን ከሚያፈርሱ መድኃኒቶች አንዱን እየወሰደች ያለ መከላከያ ግንኙነት ያደረገች ሴት የድንገተኛ መከላከያ ክኒኑ ኃይል ይቀንስባታል። በ5 ቀን ውስጥ ከመጣች ሉፕ ማስገባት ከሁሉ የበለጠ አስተማማኝ ነው፤ ከዚያም በኋላ ለ10 ዓመትና ከዚያ በላይ ያገለግላታል።

የስኳር ሕመም

ስኳሩ ዓይኗን፣ ኩላሊቷን ወይም የእግሯን ነርቭ ያልጎዳባት ሴት ሁሉንም መከላከያ መጠቀም ትችላለች፤ የሆርሞኖቹ በሙሉ 2፣ ሉፕ ደግሞ 1 ናቸው። ጉዳት ከደረሰባት ወይም ሕመሙ ከ20 ዓመት በላይ ከቆየባት ግን ኤስትሮጅን ያለበት ክኒን ወደ 3 ወይም 4፣ ዴፖም ወደ 3 ይወጣሉ፤ ኢምፕላንትና ሉፕ ባሉበት ይቆያሉ። በእግሯ ጫፍ መደንዘዝ የሚሰማት፣ ዓይኗ የደከመባት ወይም ሽንቷ ውስጥ ፕሮቲን የተገኘባት ሴት ለዓመታት የወሰደችውን ዴፖ ለምን መለወጥ እንዳለባት ግልጽ ማብራሪያ ይገባታል። «ተስማምቶኝ ነበር» ማለቷ ትክክል ነው፤ የተለወጠው መርፌው ሳይሆን የእርሷ ደም ሥር ነው። ዴፖ በአንዳንድ ሴቶች ላይ ክብደት ስለሚጨምር፣ ክብደቷን ለመቀነስ የምትታገል የስኳር ሕመምተኛ ይህን ቀድማ ማወቅ ይኖርባታል።

ሌሎች ሕመሞች በአጭሩ

አስም፣ እንቅርትና የታይሮይድ ሕመም፣ እንዲሁም ድብርት ከየትኛውም መከላከያ አያግዱም። የጉበት ቫይረስ በደሟ ቢገኝም ሕመም የማይሰማት ሴት ሁሉንም መጠቀም ትችላለች፤ ጉበቷ ጠጥሮ ሆዷ ውኃ የቋጠረባት ግን ለእርሷ ያለው ሉፕ ነው። ራስ ምታቷ ከመጀመሩ በፊት ዓይኗ ላይ ብልጭታ ወይም የእጅ መደንዘዝ የሚመጣባት የማይግሬን ታማሚ፣ እግሯ ላይ ደም ረግቶ የሚያውቅባትም ኤስትሮጅን ያለበትን ክኒን በፍጹም አትውሰድ። የጡት ካንሰር ያለባት ሴት ከሆርሞን መከላከያዎች ሁሉ ርቃ ሉፕን ትያዝ። የደም ማነስ ላለባት ሉፕ 2 ነው፤ ሊሰጣት ቢችልም የወር አበባዋ የሚበዛ ከሆነ ኢምፕላንት ወይም ዴፖ ይሻላታል።

በመስፈርቱ ላይ የማይገኘው ጉዳይ፦ የሚንጠባጠብ ደም

መስፈርቱ ስለ ደኅንነት እንጂ ስለ ኑሮ አይናገርም። ኢምፕላንትና ዴፖ በመጀመሪያዎቹ ወራት ጊዜውን የማይጠብቅ የደም መንጠባጠብ ያመጣሉ፤ ከጤና አንጻር ይህ አደጋ የለውም። ቤተ ክርስቲያን ለምትሳለምና ለምትቆርብ፣ ወይም ሶላት ለምትሰግድና ረመዳንን ለምትጾም ሴት ግን ለሳምንታት ከአምልኮዋ የሚያርቃት ከባድ ነገር ነው። ልቧን ለመጠበቅ የተሰጣትን ኢምፕላንት ከሦስት ወር በኋላ ልታስወጣ የምትመጣ ሴት ብዙ ጊዜ የምታስወጣው በዚህ ምክንያት ነው፤ ባለሙያው ቀድሞ ቢነግራት ኖሮ ምናልባት ሉፕን በመረጠች ነበር። ሉፕ ደሙን ቢያበዛም በየወሩ በጊዜው ይመጣል፤ ዴፖ ደግሞ ዓመት ሲሞላው በብዙዎች ላይ የወር አበባን ጨርሶ ያቆማል። የትኛው እንደሚቀልላት የምታውቀው እርሷ ብቻ ናት።

አጠያየቁና ጊዜው

ንግግሩ ረጅም መሆን የለበትም። «እህቴ፣ በሚቀጥለው ዓመት ልጅ መውለድ ታስቢያለሽ?» ከሚለው መጀመር ይበቃል። ቀጥሎ መድኃኒቶቿን ከነማሸጊያቸው ከቦርሳዋ አውጥታ እንድታሳይ መጠየቅ ስሙን ለማታስታውሰው መድኃኒት ሁነኛ መፍትሔ ነው። ከዚያ ግፊት ይለካል። ኢምፕላንት ለመስጠት ከዚህ በላይ ምርመራ አያስፈልግም፤ እርጉዝ አለመሆኗ ከተረጋገጠም የወር አበባዋ እስኪመጣ ጠብቂ ማለት አያስፈልግም። የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች እ.ኤ.አ. ከ2009 ጀምሮ ኢምፕላኖን የተባለውን የኢምፕላንት ዓይነት በጤና ኬላ ስለሚያስገቡ ሩቅ መሄድ የማትችል ሴት በቀበሌዋ ልታገኘው ትችላለች፤ ኢምፕላኖን ለ3 ዓመት፣ ሌላው ዓይነት ጃዴል ለ5 ዓመት ይሠራሉ።

ሕመም ያለባት እናት ከወለደች በኋላ ያለው ጊዜ እንዳያልፍ መትጋት ያስፈልጋል። ሉፕ ከወሊድ በኋላ በ48 ሰዓት ውስጥ ሊገባ ይችላል፤ ካለፈ ግን 4 ሳምንት መጠበቅ ግድ ነው። ኢምፕላንት ለምታጠባ እናት ከወሊድ ማግሥት ጀምሮ 2 ነው፤ ዴፖ ደግሞ 6 ሳምንት እስኪሞላ 3 ነው። ኤስትሮጅን ያለበት ክኒን ለምታጠባ እናት እስከ 6 ወር አይሰጥም።

ልጅ ለመውለድ ያሰበች ሴት ስትኖር ንጽጽሩ ሌላ መልክ ይይዛል። ከመጨረሻው የዴፖ መርፌ እስከ ማርገዝ በአማካይ 10 ወር ገደማ ይፈጃል፤ ኢምፕላንትና ሉፕ ግን በወጡ ማግሥት ማርገዝ ይቻላል። ስለዚህ በዓመት ውስጥ መውለድ ለምትፈልግ የስኳር ወይም የግፊት ታማሚ ዴፖ አይመከርም። ኢምፕላንቷን ለማስወጣት በመጣች ጊዜ ያለ ምክንያት መመለስ አይገባም፤ ነገር ግን ስኳሯ መስተካከሉን፣ ኤናላፕሪሉ መለወጡን፣ ቫልፕሮዌቱ በሌላ መተካቱን፣ ፎሊክ አሲድ መጀመሯን ከእርሷ ጋር ተቀምጦ ማየትና የሚጎድል ካለ እስኪሟላ መቆየት እንደሚሻላት ማስረዳት ያስፈልጋል። ከዚያ በኋላ ቀኑን እርሷ ትመርጣለች፤ ባለሙያውም በዚያ ቀን ያወጣላታል።